ለሕፃን ይስማማል

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ያለ የወተት አሰባሳቢዎች ማኅበር ግቢ ነበር። በሩ ላይ አንድ ትልቅ የሽፈራው ዛፍ አለ፤ የአገሩ ሰው ሃለኮ ይለዋል። ከዛፉ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አንዱ ክፍል ወተት መረከቢያ፣ ሌላው ላቦራቶሪ። ላቦራቶሪ ማለት አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንዲት የምታጓራ ማሽንና ጋሽ ማቴዎስ ማለት ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ የገረሴ ሰው ናቸው፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ንግግራቸው ከቁመታቸውም ያጥራል። የቅጥር ደብዳቤ እንደያዝኩ ፊታቸው ስቆም «ደብዳቤውን አስቀምጪ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ። ስሜን የጠየቁኝ ከምሳ በኋላ ነው። «ሰብለ» ስላቸው «ደህና» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያን ቀን የስብ ልኬት አሳዩኝ። ቡቲሮሜትር የሚባል አንገቱ ቀጭን፣ መስመር የተሰመረበት የብርጭቆ ቱቦ አለ። በመጀመሪያ አሥር ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ይገባበታል። ቀጥሎ ወተቱ በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ ተብሎ ይንቆረቆራል። በመጨረሻ አንድ ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል። ይከደንና በፎጣ ተጠቅልሎ ይናወጣል። ፎጣው ለወግ አይደለም፤ ቱቦው እጅ ያቃጥላል። ነጩ ወተት ዓይን እያየ ይጠቁራል። ከዚያ ማሽኗ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይሽከረከራል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ሲወጣ ከጥቁሩ በላይ ቢጫ ስብ አንገቱ ላይ ቆሞ ይታያል። እሱን ከመስመሩ ላይ ማንበብ ነው።

ጋሽ ማቴዎስ ጎንበስ ብለው አሳዩኝ። «ዓይንሽ ከመስመሩ እኩል ይሁን። ከላይ ካየሽ ትዋሺያለሽ። ከታች ካየሽም ትዋሺያለሽ። ያነበብሽውን ጻፊ፤ ያልለካሽውን አትጻፊ።»

ሦስት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ በልቤ ተናደድኩ። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔን ሲያሳድግ ትልቅ ቦታ እንደምደርስ ሲነግረኝ ነው የኖረው። ትልቁ ቦታ ፎጣና ቱቦ ሆኖ አገኘሁት።

የውጤት ወረቀታችን መዳፍ ታክላለች። ስም፣ ቀን፣ የወተቱ ዓይነት፣ ስብ በመቶ፣ ፊርማ። ከታች «አስተያየት» የምትል ባዶ መስመር አለች። ጋሽ ማቴዎስ በዚያች መስመር ላይ ሰረዝ እንጂ ቃል ጽፈው አያውቁም። ሰረዝ ያደርጉና ማኅተሙን ይመቱበታል። እኔም እንደሳቸው ሰረዝ እያደረግሁ ዓመታት አሳለፍኩ።

በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ተላክሁ። እዚያ የወተት ስብ አንድ ነገር እንዳልሆነ ተማርኩ። ብዙ ዓይነት የስብ አሲድ ተሳስሮ ነው ስብ የሚሆነው። አጫጭር አሉ፣ ረጃጅም አሉ። ቅቤ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው፣ የፍየል ወተት ፍየል ፍየል የሚለው በአጫጭሮቹ ነው። ረጃጅሞቹ ውስጥ «ሳቹሬትድ» የሚባሉት ሲበዙ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋሉ፤ የልብና የደም ሥር ሕመም ያለበት ሰው ይጠነቀቅባቸዋል። እርጥብ ሣር የበላች ላም ስቧ ፉርሽካ ብቻ ከበላችው ይለያል፤ ለልብ ደግ ነው የሚባለው ኦሜጋ ሦስት ከፍ ይላል። ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ግንድና ቅጠል የሚያበሉ ሰዎች ላሞቻቸው ምን ዓይነት ስብ እንደሚሰጡ ማወቅ አማረኝ። መሣሪያው ግን እኛ ጋ አልነበረም። የእኛ ማሽን ስንት እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም።

እኔ ግን ተመልሼ ስመጣ አፌ ተፈታ። ወተት የሚያመጡ እናቶች ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። የጡረታ ሰዎች ይመጣሉ። አቶ በላይ የሚባሉ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪም ቅቤ ከልክሏቸው ስቡ የወጣለት ወተት ከኛ ይወስዱ ነበር። ለመስቀል የጎረቤት ቅቤ አይተው አላለፉም። በማግስቱ መጥተው «ሰብለ፣ ትናንት የበላሁት ከአጫጭሮቹ ነው ከረጃጅሞቹ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የበሉት ሁሉንም ነው» ስላቸው ተሳሳቅን። የስብ ሐኪም የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን ወደድኩት። አሁን ሳስበው የጥፋቴ ሥር እሱ ነው።

አባባ ኤልያስ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ኦቾሎ ላይ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠሩትን ጋቢ ይዘው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ስለሆነ ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል። ከሃለኮው ጥላ ሥር ተቀምጠው እስክወጣ ጠበቁኝ። እጃቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረች፤ ወተት አለባት።

«ልጄ፣ ይሄ ወተት ደኅና መሆኑን ማሽኑ ይነግረኛል ወይ?»

«የምን ወተት ነው አባባ?»

«የፍየሌ ነው። ምራቴ ወልዶ በሳምንቱ አረፈ። ልጄ ለሥራ ሩቅ አገር ነው። ሕፃኑ እኔ እጅ ቀረ። የላም ወተት ስንሰጠው ይተፋል። የፍየሉን አይተፋም።»

ሕፃኗ ሴት ናት፣ ስሟ ምሕረት። ሁለት ወር አልሞላትም ነበር።

ወተቱን ለካሁት። ስቡ አራት ነጥብ ስድስት፤ ጥሩ ወተት። ከሥልጠናው የያዝኩት ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። «አባባ፣ የፍየል ወተት ስቡ ደቃቅ ነው። አጫጭሮቹ አሲዶች ይበዙበታል። ለጨቅላ ሆድ አይከብድም» አልኳቸው።

«አጭር ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«አጭር ከሆነ ቶሎ ይደርሳል። ደግ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ወረቀቷን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩዋትና መለሱልኝ። «ቤት ውስጥ ሁለት አክስት አለ። አንዱ አጥሚት ይላል፣ አንዱ የላም ወተት በውሃ ይላል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ስለ ሕፃን ማን ይሰማኛል? አንድ ቃል ጻፊልኝ።»

ጋሽ ማቴዎስ ያን ቀን ስብሰባ ሄደው ነበር። ወንበራቸውን አየሁት። ሽማግሌው ከኦቾሎ የወረዱት በእግራቸው ነው፣ ጫማቸው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። አሳዘኑኝ። ደግሞም የስብ ሐኪም ነኝ። አስተያየት በምትለው መስመር ላይ «ለሕፃን ይስማማል» ብዬ ጻፍኩና ማኅተሙን መታሁበት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በኛ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ከሰው ይበልጣል። አባባ ኤልያስ ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍነው ግድግዳ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ አጠገብ ሰቀሏት። አክስቶቹ ዝም አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በበራችን ሲያልፉ እጃቸውን አንሥተው «ይስማማል! ይስማማል!» ይሉኛል። እኔም ከውስጥ «እግዚአብሔር ያሳድጋት!» እላለሁ። የወተት ተረካቢዋ ታደለች «ያው ደንበኛሽ መጣ» እያለች ትስቅብኛለች።

ምሕረት ስድስት ወር ሲሞላት ይዘዋት ወረዱ። በጋቢ አዝለዋት ነበር። ስናያት ሁላችንም ከሥራችን ተነሣን። ጉንጯ ሞልቷል፣ ክንዷ እጥፍ እጥፍ ብሏል። መልኳም ተቀይሯል። ታደለች እጇን አፏ ላይ ጭና «ውይ እንዴት ቀላች! ምን አብልተዋት ነው?» አለች።

«ወተቱ ነው» አልኩ እኔ፣ እንደ እናቷ እየኮራሁ። «የፍየል ወተት ያቀላል።» ይህን የትም አልተማርኩትም። አፌ ላይ መጣልኝ፣ ተናገርኩት።

ጋሽ ማቴዎስ ከወንበራቸው ሳይነሡ ሕፃኗን አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ከንፈሯ ነጣ አላለም?» አሉ።

«ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ከወተት ሌላ ምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። አባባ ኤልያስ የሳቁን ምክንያት ባያውቁም አብረውን ሳቁ።

ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ገና ወጣት ልጅ። ቤታቸው ሄዳ ነበር። «ስድስት ወር ሞልቷታል። ወተት ብቻ አይበቃትም። ገንፎ ይጀመርላት፣ ጎመን ይቀቀልና ይፈጭላት፤ ለምርመራም ጤና ጣቢያ አምጧት» ብላቸዋለች። አባባ ኤልያስ ወደ ግድግዳው አሳይተዋታል። «ላቦራቶሪ ፈቅዷል። ሌላ ነገር ሆዱን ያበላሻል» ብለዋል። ልጅቷ ወረቀቷን ቀርባ አነበበች።

«ማኅተሙን ሳይ አፈርኩ» አለችኝ። «እኔ ከላቦራቶሪ በላይ ላውቅ ነው ብዬ ወጣሁ።»

ዘጠነኛው ወር ላይ፣ በአዘቦት ቀን፣ አባባ ኤልያስ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሙ። ጋቢ አልያዙም። «ሕፃኑ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ምን ይበላ ነበር ብሎ ጠየቀኝ፣ ወረቀቱን ሰጠሁት። የጻፈውን ልጅ አምጣ አለኝ» አሉ። ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ ተከተልኳቸው።

ምሕረት አልጋ ላይ ነበረች። ጉንጯ ያው ሙሉ ነው። ግን የመዳፏ ውስጥ እንደ ወረቀት ነጥቷል፣ ትንፋሿ ፈጣን ነበር። እዚያ ቆሜ ነው «ቀላች» ያልነው ምን እንደነበር የገባኝ። አልቀላችም፤ ደሟ እያለቀ ነበር። እኛ የገረጣ ፊት አይተን ቆንጆ ሆነች ብለን አጨበጨብን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወረቀቷን አሳየኝ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ስቡ እውነት ነው። ልጅቷም ከስብ አልጎደለባትም፣ ይታያል። ግን የፍየል ወተት ፎሌት የሚባለው ቪታሚን የለውም በሚባል ደረጃ ነው። ደም የሚሠራበት ነው። ይህን ሁሉ ወር እሱን ብቻ ጠጥታ ደም ከየት ታምጣ? አሁን ደግሞ ሳንባዋ ታሟል፣ የሚቋቋም አቅም የላትም።»

«ምን ውስጥ ነው ያለው፣ ፎሌት?» አልኩ።

«አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ። ጎመን፣ ሃለኮ። ከስድስት ወር በኋላ ትንሽ ትንሽ ቢጀመርላት ኖሮ...» አባባ ኤልያስ በሩ ላይ ነበሩ፣ አልሰሙም።

ደም ሰጧት። እኔም ሰጠሁ፤ ለሷ ይሁን ለሌላ ሰው የሄደው አላውቅም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ምሕረት አረፈች።

ለለቅሶ ኦቾሎ ወጣሁ። ታደለች አብራኝ ነበረች። ከሸንተረሩ ላይ አባያ ሐይቅ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቶ መዝሙር ይዘመር ነበር። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያው ብቻውን ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የሚስማር ቀዳዳ አለ። አባባ ኤልያስ ሲያዩኝ ተነሡ። እጄን ይዘው ለተቀመጠው ሰው በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

አጠገቤ የነበሩ ሴት ተረጎሙልኝ። «ልጃችንን ለማሳደግ የረዳችን እሷ ናት፣ ከከተማ ድረስ መጣች፣ እግዜር ይስጣት ነው የሚሉት።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። የቀረበልኝን ንፍሮ በላሁ። ስወርድ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ታደለች ለሕፃኗ መስሏት አጽናናችኝ። ለሕፃኗም ነበር። ግን ለፍርሃቴም ነበር፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ለጋሽ ማቴዎስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር።

«ከንፈሯን አይቼ ነበር» አሉ። «ስትስቁ እኔም ሳቅሁ። ቁልፉን አንሺ።»

በሚቀጥለው ቀን ስገባ በመሳቢያው ውስጥ ያሉት ባዶ የውጤት ወረቀቶች ሁሉ፣ አስተያየት የምትለዋ መስመር ላይ፣ በእስክሪብቶ ሰረዝ ተሰምሮባቸው አገኘሁ። ጥራዝ ሙሉ ነው። ማን እንደሠራው አልጠየቅሁም።

አባባ ኤልያስ ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። በሦስተኛው መጡና ሃለኮው ሥር ተቀመጡ። ወጥቼ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በቀላል አማርኛ ነገርኳቸው። ወተቱ ስብ ነበረው፣ ደም የሚሠራው ግን አልነበረውም። ያንን እኔ አልለካሁም። ሳልለካው ጻፍኩ አልኳቸው።

ከኪሳቸው ወረቀቷን አወጡ። አሁንም ላስቲኩ ውስጥ ናት። ጣታቸውን ከታችኛው መስመር ላይ አደረጉ።

«ይሄ ቃል የማሽኑ ነው ወይስ ያንቺ?»

«የእኔ ነው አባባ።»

«ይሄ ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩ የማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ አልዋሸም» አሉ። ወረቀቷን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ተነሡ። አልሰደቡኝም፣ አልረገሙኝም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲወርዱ በሌላኛው መንገድ ነው የሚያልፉት።

አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። ያን ቀን እኔን ሲጠብቁ ከሥሩ የተቀመጡበት የሃለኮ ዛፍ ቅጠል ለምሕረት የጎደላት ነገር እንደነበረበት አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው የሚቀለኝ እኔን ነው፤ እሳቸውን አይደለም።

ጋሽ ማቴዎስ ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። የውጤት ወረቀቷ እንደ አዲስ ስትታተም አስተያየት የምትለውን መስመር አስወጣሁ። በቦታዋ «ይህ ወረቀት የሚናገረው ስለ ስቡ መጠን ብቻ ነው» የሚል እንዲገባ ጠየቅሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ሰብለ፣ ይሄ እኮ ደንበኛ ያስደነግጣል፤ ራሳችንን ማሳነስ ነው» አለኝ። አልታተመም። ስለዚህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእያንዳንዷ ወረቀት ላይ በእጄ ጻፍኩት። ጠዋት አርባ ወረቀት ካለ አርባ ጊዜ። ጀማሪዎቹ ልጆች «እትዬ፣ ማኅተም ይሠራለትና እንምታው» ይሉኝ ነበር። ማኅተምማ አይሆንም አልኳቸው።

ባለፈው ዓመት ወጣሁ። ወተት የምትለኩ ልጆች ስትሰበሰቡ ስለ ሥራው አንድ ነገር ንገሪን ስላላችሁኝ ነው ይህን የጻፍኩት። አሲዱ ከወተቱ ይቀድማል። ዓይናችሁ ከመስመሩ እኩል ይሁን። ያነበባችሁትን ጻፉ። ሰው ከዚያ አልፎ ከጠየቃችሁ፣ ቢያሳዝናችሁም፣ አላውቅም በሉና ወደሚያውቅ ላኩት። ጤና ጣቢያው ከላቦራቶሪያችን በእግር አሥር ደቂቃ ነበር።